አፈሩ እርጥብ ሆኖ ችግኙ ለምን ይጠወልጋል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው። ከገበያ የገዛሁትን ፓፓያ ዘሩን አውጥቼ በእርጎ ኩባያ ዘራሁትና 9 ችግኝ በቀለልኝ። አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆኑ እያንዳንዳቸውን ወደ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ አዛወርኳቸው። ውሃ እንዲያሳልፍ ከሥር ጠጠር ሞላሁበት፤ ከላዩ ደግሞ ከቢሾፍቱ ያስመጣሁትን ጥቁር አፈር ጨመርኩ። ሥራቸው እንዲተነፍስ ብዬም አሮጌውን አፈር በውሃ አጥቤ አስለቀቅኩት። በማግስቱ ጠወለጉ። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣለሁ፤ ጎረቤቴ ስለመከረችኝ ዩሪያም በተን አደረግኩበት። አሁን የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፣ ሁለቱ ደግሞ ወድቀዋል። የቀሩትን ማዳን ይቻላል? ገና ያላዛወርኳቸው ቃሪያዎችም አሉኝ፤ እነሱን እንዴት ላድርግ?»

ምላሽ፦ ዛሬ ማታ ውሃ አያጠጡ። ነገ ጠዋትም ይተዉት። ዩሪያውን እንደገና አይንኩት። ከቀሩት 7 ችግኞች የተወሰኑትን ማትረፍ ይቻላል፤ ሁሉም ይድናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባም።

የጠወለገ ተክል ያየ ሰው እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። አይፈረድበትም፤ ቅጠሉ በእርግጥም ውሃ አጥቷል። አፈሩ ግን አላጣም። የተቋረጠው መሐል ላይ ያለው ነገር ነው። አብዛኛውን ውሃ የሚስቡት በዓይን የምናያቸው ወፍራም ሥሮች አይደሉም። እነሱ ተክሉን ደግፈው ይይዛሉ፣ የተሳበውን ውሃም ወደ ላይ ያደርሳሉ። ስቦ የሚያስገባው ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ጫፍ አካባቢ የሚበቅለው፣ እንደ ጭገር የረቀቀው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ጭገር የአንድ ሕዋስ ቅጥያ ብቻ ነው። የሚኖረውም ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ነው። እርስዎ አፈሩን ሲያጥቡ አብሮ ታጥቦ ሄደ። ሥሩ ነጭና ንጹሕ ሆኖ ሲያዩት ደስ ብሎዎት ይሆናል፤ በዚያች ሰዓት ግን ችግኙ ውሃ የሚስብበትን አብዛኛውን ክፍል አጥቷል።

ቅጠሉ ደግሞ ሥሩ ተጎዳ ብሎ ውሃ ማትነኑን ወዲያው አያቆምም። ፀሐይ ካለና ነፋስ ካለ እንደ ወትሮው ያተናል። አዳማ ላይ ነፋስ እንዳለ ለእርስዎ አልነግርም፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል። ከዚያ ተክሉ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃው መባከኑ ይቀንሳል፤ ግን በዚያው ቀዳዳ የሚገባው አየርም ስለሚቀር ምግብ መሥራት ያቆማል። ችግኝ ሲዛወር ደነገጠ የምንለው ይኼንን ነው። በሞቃት ቦታ አዲስ ሥር አብቅሎ እስኪያንሰራራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። የብርድ አገር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቆያል።

አዲስ ሥር ለማብቀል ታዲያ አየር ይፈልጋል። ሥር ይተነፍሳል። አፈር ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ሁሉ በውሃ ከተሞሉ አየር የሚገባበት የለም፤ የተረፈው ሥርም ይበሰብሳል። ፓፓያ በዚህ ረገድ በጣም ስስ ነው። ውሃ ተኝቶበት ሁለት ቀን ከቆየ ያደገ ዛፍ እንኳ ሊሞት ይችላል። ጠዋትና ማታ የሚጠጣ፣ ያውም ሥሩ የታጠበ ችግኝማ ምን ያህል እንደሚችል ይገምቱት።

ጠጠሩን በተመለከተ፦ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ በየቤቱ አያለሁ፣ ግን አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ጠጠሩ አናት ላይ ይቆማል። ጠጠር የሌለበት ባልዲ ቢሆን ከሥር የሚጠራቀመውን ጭቃ እርስዎ በጠጠር ወደ ላይ አስጠጉት። ወደ ሥሩ ቀረበ ማለት ነው። ባልዲ ላይ የሚሠራው ቀዳዳ ብቻ ነው። ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ፣ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ይበቃል። አፈሩ እንዳይፈስ አንድ ቁራጭ የወባ አጎበር ወይም የድሮ ጆንያ ጣል ማድረግ ነው።

የባልዲው ትልቅነትም ውለታ አልዋለላቸውም። «አንዴ ሰፊ ቦታ ላይ ካረፈ አያስቸግረኝም» የሚል ሐሳብ ነው ያለው፣ ይገባኛል። ነገር ግን የእርጎ ኩባያ የምታህል ሥር 20 ሊትር አፈር ውስጥ ስትገባ፣ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃውን የሚጠጣው ስለሌለ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል። የሚቀጥለው ዕቃ ከአሁኑ በዙሪያው ሁለት ሦስት ጣት ቢሰፋ ይበቃል። ለትንሽ ችግኝ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ተበስቶ ከባልዲው የተሻለ ቤት ነው።

አሁን ደግሞ አፈሩ። ጥቁር ስለሆነ ለም ነው የሚለው እምነት ጤፍና ሽምብራ ማሳ ላይ ያስኬድ ይሆናል። የቢሾፍቱ አካባቢ መረሬ፣ ኮትቻ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ሌላ ጠባይ አለው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ አየር ያሳጣል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ያን ቀጭን ሥር ይበጥሰዋል። ከባልዲው ግድግዳም ይላቀቅና ያጠጡት ውሃ በጎን ሮጦ ይወጣል፤ መሐሉ ደረቅ ይቀራል። ለዕቃ የሚሆን አፈር ሦስት እጅ ለስላሳ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ነው። የበሰለ ስል የእበት ሽታው የጠፋ፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር፣ የማይሞቅ ማለቴ ነው። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። ያገኙት አፈር መረሬ ብቻ ከሆነ ግን ትንሽ አሸዋ ጨምረው አይሸወዱ፣ አይለውጠውም። የአዳማን ቀላል አፈር ራሱን ተጠቅመው ኮምፖስት ቢያበዙበት ይሻላል።

ጎረቤትዎ በቅንነት ነው የመከሩት። ዩሪያ ግን ለታመመ ተክል መድኃኒት አይደለም። 46 በመቶ ናይትሮጂን ያለው፣ በፍጥነት የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው። በዕቃ ውስጥ ሲበዛ በሥሩ ዙሪያ ያለውን ውሃ እንደ ጨው ውሃ ያደርገዋል፤ ሥሩ እንዳይስብ ያደርገዋል። ጤነኛ ሥር ያለው የበቆሎ ማሳ ይችለዋል። ሥሩ የታጠበ ችግኝ አይችልም። ስኳር በውሃ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚሉትንም ለጊዜው ይተዉት። አተላው በተለይ ክምር ብሎ ሲደርቅ አፈሩን እንደ ክዳን ይዘጋዋል።

እንግዲህ የቀሩት የትኞቹ እንደሚድኑ መለየቱ ይቀድማል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ችግኝ ትንሽ ዘንበል ሊል ይችላል፤ ያ ምንም አይነግርዎትም። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትመታቸው፣ 12 ሰዓት ላይ ወጥተው ይዩዋቸው። ቀን የጠወለገው ሌሊቱን ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ካደረ ሥሩ እየሠራ ነው፤ ይድናል። ሲነጋም እንደተዘለፈለፈ ከሆነ ሥሩ አልያዘም ወይም በስብሷል። ከዚያ ግንዱን ከአፈሩ በላይ ባለው ቦታ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ጫን ያድርጉት። ጠንከር ካለ ዕድል አለው። ውሃ እንደሞላ ነገር ከለሰለሰና ከጠቆረ አልቆለታል። ያንን ዛሬውኑ ነቅለው ይጣሉት፣ አፈሩንም ለሌላ ችግኝ አይጠቀሙበት። የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ብቻውን አያስደንግጥዎ፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል እየቀነሰ ለአዲሱ ይሰጣል። ዓይንዎ አዲሱ ቅጠል ከሚወጣበት ጫፍ ላይ ይሁን።

ከባልዲው አውጥቼ እንደገና ላዛውረው ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ነው። አያውጡት። አፈሩ ጥሩ እንዳልሆነ ራሴ ነግሬዎት ተዉት ማለቴ እርስ በርስ የሚቃረን ይመስላል። ሆኖም በዚህ ሳምንት የጀመራት አዲስ ሥር ካለች ዳግመኛ ሲነቅሉት ትበጠሳለች። ሁለተኛውን ድንጋጤ የሚችል ችግኝ ጥቂት ነው። አፈሩ የረጋ ውሃ የመሰለ ሽታ ካመጣ ብቻ፣ ምርጫ ስለሌለ፣ ሥሩን ሳይነኩ በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በትልቅ ማንኪያ ወይም በአካፋ ዝቀው ያዛውሩት።

ያለበለዚያ ሥራው ባልዲው ላይ ነው። ምስማር አግለው ከሥሩና ከጎኑ፣ ጠጠሩ የሚያልቅበት ከፍታ ላይ ዙሪያውን ይብሱት። ባልዲውን በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አንድ ቀን ዘንበል አድርገው ይተዉት። የሚወጣው ውሃ መጠን ያስገርምዎታል። ከላይ የቀረ የዩሪያ ፍሬ የሚታይ ከሆነ ያንን የላይኛውን አፈር ከግንዱ ራቅ ብለው በማንኪያ ይግፈፉት። ከዚያ ባልዲዎቹን ከነፋስ የተከለለና ጥላ ያለው ቦታ ላይ ያኑሯቸው። ክፍል ውስጥ ግን አይደለም። ብርሃን ያስፈልጋቸዋል፤ የማያስፈልጋቸው የቀን ፀሐይ ነው። የጠዋት ፀሐይ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ብታገኛቸው አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ጆንያ በአራት እንጨት ላይ መወጠር ይበቃል።

ውሃ የሚጠጡበትን ቀን ጣትዎ ይወስን። ሌባ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። ጫፉ ላይ እርጥበት ከተሰማዎት ያጠጣሁ ያህል ነው ብለው ይመለሱ። ደርቆ ሲያገኙት ከሥር እስኪወጣ በቀስታ ያጠጡ፣ ከዚያ እንደገና እስኪደርቅ ይጠብቁ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት ይኼ ይሻላል። ቅጠሎቹ ብዙ ሆነው ችግኙን የሚያጎብጡት ከሆነ የታችኞቹን አንድ ሁለት ይቁረጡ፤ የላይኛውን ሦስት አራት ቅጠል ግን ይተዉለት። ሲቆርጡ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ያቃጥላል፤ ልጆች እንዳይነኩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ የምለው አንድ ነው፦ ሥሩ ከያዘው አፈር አይነጥሉት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ፓፓያ መዛወር ከማይወዱት ተክሎች አንዱ ስለሆነ የመዛወሩን ቁጥር መቀነስ ያዋጣል። ኩባያውን ይተዉትና ቁመቱ አንድ ስንዝር ተኩል በሚሆን፣ ከሥሩ በተበሳ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ሦስት ዘር በቀጥታ ይዝሩ። ዘሩን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ነገር በጨርቅ አሽተው አጥበው ያውጡት፤ እሱ ካለ መብቀሉ ይዘገያል። ዘሩን ማጠብ ይቻላል፣ ሥሩን ነው የከለከልኩት። ሦስቱም ከበቀሉ ደካማውን አይንቀሉት፤ ሲነቅሉ የወንድሙን ሥር ይዞ ይወጣል። በመቀስ ከአፈሩ በላይ ይቁረጡት።

ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለመዛወር ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ መዞር ይጀምራል። የዞረ ሥር አዲሱ ቦታ ላይም መዞሩን ይቀጥላል። የአቮካዶና የደን ዛፍ ችግኝ ላይ ከፕላስቲኩ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በስለት ቆርጠው የተጠቀለለውን ሥር አብረው ማስወገድ የተለመደ ነው። ፓፓያ ላይ ይኼን አያድርጉ፤ ከመዞሩ በፊት ማዛወር ነው መፍትሔው።

ከማዛወርዎ በፊት ባለው ሳምንት ያለማምዱት። የመጀመሪያ ቀን የጠዋት ፀሐይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ጨመር እያደረጉ። ውሃውንም ትንሽ ይቆጥቡበት፤ ሳይጠወልግ ግን። በዚያ ሳምንት ቅጠሉ ይጠነክራል። ከጥላ በቀጥታ ወደ ቀን ፀሐይ የወጣ ችግኝ ሥሩ ምንም ሳይሆን እንኳ ቅጠሉ ይለበለባል።

የሚዛወርበት ቀን ሲደርስ ዋዜማውን ማታ ያጠጡት። ደረቅ አፈር ይበተናል፤ ያኔውኑ የረጠበ ደግሞ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ያደረ እርጥበት ነው ቅርጹን የሚይዝ። የሚተክሉት ደግሞ ከሰዓት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ሌሊቱን በሙሉ ያርፍበታል። አዲሱ ጉድጓድ አስቀድሞ ተቆፍሮ ይጠብቅ። ኩባያ ከሆነ ግንዱን በሌባና በመሐል ጣት መካከል አስገብተው መዳፍዎን አፈሩ ላይ ያሳርፉ፤ ኩባያውን ይገልብጡት፤ ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ያድርጉት። ሙሉው አፈር እንዳለ መዳፍዎ ላይ ይቀመጣል። ግንዱን ይዘው አይጎትቱ። ፕላስቲክ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ካስገቡት በኋላ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይሰንጥቁና ያውጡት። ፕላስቲኩን ሳያወጡ የሚተክሉም አሉ፤ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል።

ጥልቀቱ ድሮ ከነበረበት ጋር እኩል ይሁን። የፓፓያ አንገት አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ዙሪያውን ሞልተው በጣት ጫፍ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ይበቃል። በጡጫ መደብደብ፣ በእግር መርገጥ አያስፈልግም። አንዴ በቀስታ ያጠጡት፤ የቀረውን ክፍተት ውሃው ራሱ ይሞላዋል። ማዳበሪያ የሚታሰበው ሁለት አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው። ያኔም መጀመሪያ ኮምፖስት።

ቃሪያዎቹን ለማዛወር አይቸኩሉ፤ ከአራት እስከ ስድስት እውነተኛ ቅጠል ያውጡ። ሲበቅሉ መጀመሪያ የታዩትን ሁለቱን አይቁጠሯቸው። ተዘርተው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በአንድ ዕቃ ተጨናንቀው ከበቀሉ አፈሩን በብዛት አርጥበው በማንኪያ በዘለላ ያውጧቸው፤ ሲለያዩዋቸውም በቅጠላቸው ይያዟቸው እንጂ በግንዳቸው አይሁን። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን አለቀ። ቃሪያም እንደ ፓፓያ በነበረበት ጥልቀት ይተከል። ቲማቲም ግን ከዚህ ይለያል። ግንዱ ላይ ሥር ስለሚያወጣ የታችኛውን ቅጠል አንሥተው ጠለቅ አድርገው ቢተክሉት ይጠቅመዋል። ነፋስ ካስቸገረ ከሥሩ የተቆረጠ ሃይላንድ በትንሹ ችግኝ ላይ ለሁለት ሦስት ቀን ይድፉበት፤ ክዳኑ ይከፈት፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ግን ይቀቅለዋልና ጥላ ሥር ብቻ።

ይህን ሁሉ አድርገውም ለጥቂት ቀን ደመቅ ሳይል ቢቆይ አይገረሙ። ጭራሽ የማይሰማው ችግኝ የለም።

የዳኑት ፓፓያዎች ባልዲ ውስጥ ዕድሜ ልክ አይኖሩም። ግቢ ካለዎት ክረምቱ ሲገባ መሬት ላይ ይትከሏቸው፤ ጉድጓዱ በየአቅጣጫው 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ውሃ የማይተኛበት፣ አፈሩ ትንሽ ጉብ ያለ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። ከገበያ ፍሬ የተገኘ ዘር እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከሚበቅሉትም የተወሰኑት ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወንዱ ደግሞ በአብዛኛው ፍሬ አይሰጥም። ወንድና ሴቱ የሚታወቀው ሲያብብ ነው። ያ ደግሞ ከተተከለ ከአምስት እስከ ስምንት ወር ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ብቻ ተርፎልዎት ከሆነ በእሱ ላይ ብቻ ተስፋ አይጣሉ፤ አሁኑኑ አዲስ ዘር ይዝሩ። ሦስት ሳምንት ጠብቀው ጫፉ ያልተንቀሳቀሰ ችግኝ ያለበትን ባልዲም ባዶ ያድርጉት፣ ጠጠሩን ያውጡት፣ ይጠቡትና ለሚቀጥለው ያዘጋጁት።